ስለ ሊቲየም ባትሪ አያያዝ ለሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር
ለንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር
ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን
ለኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት
ለአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥራ አመራር ኮሚሽን

ጉዳዩ፦ ሊቲየም ባትሪዎች ወደ አገር ከገቡ በኋላ ለሚሸጡበት፣ ለሚጠገኑበትና ለሚወገዱበት ሁኔታ ግልጽ ሥርዓት እንዲዘረጋ ስለመጠየቅ



በጥር ወር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በስተቀር ሌሎች አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ሲያስታውቅ፣ ውሳኔው ለነዳጅ የሚወጣውን የውጭ ምንዛሪ ለመቀነስና በአገር ውስጥ ወንዞች በሚመነጨው ኃይል ለመጠቀም የታሰበ መሆኑ ለብዙዎች ግልጽ ነበር። ከዚያም ቀደም ብሎ የገንዘብ ሚኒስቴር ሙሉ በሙሉ ተገጣጥመው ለሚገቡ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች የጉምሩክ ቀረጡን 15 በመቶ፣ በከፊል ተገጣጥመው ለሚመጡት 5 በመቶ አድርጎ፣ ተበታትነው መጥተው እዚሁ ለሚገጣጠሙት ደግሞ ጨርሶ አንስቶላቸው ነበር፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የታላቁ ሕዳሴ ግድብ መመረቁም የውሳኔውን መሠረት አጠናክሮታል። ይህ ደብዳቤ ያንን ውሳኔ ለመቃወም አልተጻፈም። የተጻፈው፣ መኪናውን፣ ፓወር ባንኩን፣ የፀሐይ መብራቱንና የኤሌክትሪክ ሞተር ብስክሌቱን የሚያንቀሳቅሰው ሊቲየም ባትሪ የሚገባበት በር በሰፊው ተከፍቶ ሳለ፣ ከገባ በኋላ ማን እንደሚመረምረው፣ ስለ አጠቃቀሙ ማን ለሕዝብ እንደሚያስረዳ፣ ሲበላሽም ማን እንደሚረከበው ለተራው ገዢ የሚታወቅ ባለቤት ስለታጣለት ነው።

የጥያቄው ክብደት እንዲታይ ባትሪው ምን እንደሆነ በአጭሩ ማስረዳት ያስፈልጋል። ሊቲየም አዮን ባትሪ እ.ኤ.አ. በ1991 በሶኒ ኩባንያ ለገበያ የቀረበ፣ ለመሠረቱ ምርምርም ጆን ጉድኢናፍ፣ ስታንሊ ዊቲንግሃምና አኪራ ዮሺኖ እ.ኤ.አ. የ2019ን የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት የተቀበሉበት ቴክኖሎጂ ሲሆን፣ በትንሽ ክብደት ብዙ ኃይል ማከማቸት በመቻሉ ከእጅ ስልክ እስከ አውቶቡስ ድረስ ገብቷል። የባትሪው መሠረታዊ ክፍል ሴል ይባላል። በእያንዳንዱ ሴል ውስጥ አዎንታዊውና አሉታዊው ዋልታ እጅግ በቀጠነ የፕላስቲክ ሽፋን ተለያይተው የሚቀመጡ ሲሆን፣ በመካከላቸው ደግሞ ኤሌክትሮላይት የሚባል፣ የሊቲየም አዮኖች ከአንዱ ዋልታ ወደ ሌላው የሚመላለሱበት ፈሳሽ አለ፤ ይህ ፈሳሽ በቀላሉ ከሚቀጣጠሉ ኬሚካሎች የተሠራ ነው። ሴሉ ሲወጋ፣ ሲጨፈለቅ፣ ከሚገባው ቮልት በላይ ቻርጅ ሲደረግ (ለአብዛኛዎቹ ዓይነቶች ወሰኑ በሴል 4.2 ቮልት ነው) ወይም ከፋብሪካ ይዞት በመጣው ጉድለት ውስጥ ለውስጥ ሾርት ሲያደርግ ይግላል፤ ግለቱ ወደ 130 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጠጋ ሽፋኑ መቅለጥ ይጀምራል፤ ዋልታዎቹ ሲገናኙ ደግሞ የተከማቸው ኃይል ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ባለሙያዎች ይህን ከቁጥጥር የወጣ ግለት ይሉታል። የአንዱ ሴል ግለት ጎረቤቱን ሴል ያግለዋል፣ እርሱም የሚቀጥለውን፤ በዚህ መካከል የሚወጣው ጭስ ተቀጣጣይ ጋዞችን ብቻ ሳይሆን ሃይድሮጅን ፍሎራይድ የሚባለውን ሳንባን የሚጎዳ መርዝም ይይዛል። ለዚህ ነው እንዲህ ያለውን እሳት በአሸዋ ወይም በዱቄት ማጥፊያ ነበልባሉን አዳፍኖ መሄድ የማይበቃው፤ ሴሎቹ በብዙ ውኃ ካልቀዘቀዙ ከሰዓታት፣ አንዳንዴም ከቀናት በኋላ እንደገና ሊነዱ ይችላሉ።

ሁሉም ሊቲየም ባትሪ እኩል አደገኛ አለመሆኑም መነገር አለበት። ሊቲየም ብረት ፎስፌት የሚባለው፣ በበርካታ ቻይና ሠራሽ መኪኖች የሚገኘው ዓይነት፣ ኒኬል፣ ማንጋኒዝና ኮባልት ካለበት ዓይነት ይልቅ ሙቀትን የሚታገሥና ለመቀጣጠል የሚዘገይ ነው። በተለያዩ አገሮች የተሰበሰቡ መረጃዎችም የኤሌክትሪክ መኪና ከነዳጅ መኪና ባነሰ ድግግሞሽ እንደሚቃጠል ያመለክታሉ። እንግዲህ ጉዳዩ የመደናገጥ ጉዳይ አይደለም። ነገር ግን አደጋው ሲደርስ ጠባዩ ፍጹም ሌላ በመሆኑ፣ ለነዳጅ እሳት የተሰናዳው ልምድና መሣሪያ ለእርሱ አይበቃም።

ኢትዮጵያ ይህን ትምህርት ከማንም ቀድመው ካገኙት አገሮች አንዷ ናት። እ.ኤ.አ. በጥር 2013 በሁለት የጃፓን አየር መንገዶች ቦይንግ 787 ድሪምላይነር አውሮፕላኖች ላይ ባትሪዎች ግለው በመጨሳቸው የዚያ ዓይነት አውሮፕላን በመላው ዓለም ከበረራ ታግዶ ነበር፤ ባትሪው እንደገና ተነድፎ፣ በብረት ሣጥን ተከቦና ጭሱ ወደ ውጭ የሚወጣበት መንገድ ተበጅቶለት ሲፈቀድ፣ መንገደኛ ጭኖ በመጀመሪያ የበረረው ሚያዝያ 19 ቀን 2005 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የሄደው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ነው። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ ሐምሌ 5 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ የዚሁ አየር መንገድ ድሪምላይነር በለንደን ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ሰው ሳይኖርበት ቆሞ ሳለ ከጅራቱ ፊት ለፊት ባለው ጣሪያ በኩል ተቃጠለ፤ የሂትሮው ማኮብኮቢያዎችም ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ተዘጉ። የብሪታንያ የአውሮፕላን አደጋ መርማሪዎች ከሁለት ዓመት ሥራ በኋላ ባወጡት ዘገባ የእሳቱ መነሻ ዋናው ባትሪ ሳይሆን፣ አውሮፕላኑ ቢወድቅ ያለበትን ቦታ የሚያመለክተው አነስተኛ የአደጋ ጊዜ ማሰራጫ ውስጥ ያለ የሊቲየም ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ ባትሪ መሆኑን ገለጹ፤ የባትሪው ሽቦዎች ተጠላልፈው በክዳኑ ሥር በመጨፍለቃቸው ሾርት ማድረጋቸውና አንዱ ሴል ግሎ የቀሩትን ማስከተሉ ተረጋገጠ። አውሮፕላኑ ተጠግኖ እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ገደማ ወደ ሥራ ተመለሰ። በክዳን ሥር የተቆነጠጡ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች በዓለም ላይ ጥብቅ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ማሽኖች አንዱን ይህን ያህል ከጎዱት፣ ምንም ቁጥጥር በማይደረግበት የሠፈር ሱቅ ውስጥ በእጅ የተበየደ የባትሪ ጥቅል ምን ሊያደርስ እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

የአቪዬሽኑ ዓለም ከእነዚህና ከሌሎች አደጋዎች ተነሥቶ ሕግ አውጥቷል። ከሌሎቹም መካከል እ.ኤ.አ. በመስከረም 2010 ከዱባይ የተነሣውና ሁለቱም አብራሪዎቹ የሞቱበት፣ ሊቲየም ባትሪዎችን ጭኖ የነበረው የዩፒኤስ የጭነት አውሮፕላን አደጋ ይገኛል። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ከእ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1 ቀን 2016 ጀምሮ ሊቲየም አዮን ባትሪ ለብቻው በመንገደኛ አውሮፕላን እንደ ጭነት እንዳይላክ፣ በጭነት አውሮፕላን ሲላክም ከኃይሉ 30 በመቶ በላይ ተሞልቶ እንዳይሆን ደንግጓል። መንገደኛው ፓወር ባንኩን በእጅ ሻንጣው እንጂ ወደ አውሮፕላኑ የጭነት ክፍል በሚገባው ሻንጣ መያዝ አይችልም፤ መጠኑም እስከ 100 ዋት-ሰዓት ድረስ ያለ ጥያቄ፣ ከ100 እስከ 160 በአየር መንገዱ ፈቃድ ይፈቀዳል፤ ከዚያ በላይ የሆነው ጨርሶ አይገባም። ኤምሬትስ አየር መንገድ ደግሞ ከእ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 2025 ጀምሮ መንገደኞች በበረራ ላይ በፓወር ባንክ መጠቀማቸውን ከልክሏል። ወደ ዱባይ የሚመላለስ ኢትዮጵያዊ ነጋዴ ይህን ሁሉ ያውቀዋል፤ በቦሌ ፍተሻ ላይ ይጠየቅበታልና። ያው ነጋዴ ከቦሌ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ መርካቶ ሲደርስ ግን ስለዚያው ዕቃ የሚጠይቀው አያገኝም።

የዚህ ደብዳቤ ቅሬታ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

በሱቅ በደረቴዎች እጅ፣ በሞባይል ቤቶች መደርደሪያና በመንገድ ዳር ሸራ ላይ የሚሸጡትን ፓወር ባንኮች ያስተዋለ ሰው 30 ሺህ፣ 50 ሺህ፣ ከዚያም በላይ ሚሊአምፒር-ሰዓት የሚል ቁጥር የታተመባቸውን በብዛት ያገኛል። ሚሊአምፒር-ሰዓት ባትሪው የሚይዘውን የኤሌክትሪክ መጠን የሚለካ ሲሆን፣ ቁጥሩ ለሺህ ተካፍሎ በሴሉ ቮልት፣ ማለትም በ3.7፣ ሲባዛ ዋት-ሰዓቱን ይሰጣል። ስለዚህ 20 ሺህ የሚለው 74 ዋት-ሰዓት፣ 27 ሺህ የሚለው 100 ገደማ ይሆናል፤ 50 ሺህ የሚለው ደግሞ 185 ዋት-ሰዓት ሆኖ ወደ የትኛውም የመንገደኛ አውሮፕላን የማይገባ ዕቃ ነው ማለት ነው። በሌላ በኩል በላፕቶፖችና በፓወር ባንኮች ውስጥ የተለመደው፣ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ክብ ሴል ጥሩ ጥሩው እንኳ ከ3,500 ሚሊአምፒር-ሰዓት ብዙም አይበልጥም፤ 50 ሺህ ለመሙላት አሥራ አራት አሥራ አምስት ሴል፣ በክብደትም ከ600 ግራም በላይ ያስፈልጋል። በእጅ ሲያነሡት ከአንድ ስልክ ብዙም የማይከብድ ፓወር ባንክ ይህን ቁጥር ከለጠፈ ጽሑፉ ሐሰት ነው፤ ቁጥሩ እውነት ከሆነ ደግሞ ዕቃው ልዩ ጥንቃቄ የሚሻ ነው። በሁለቱም መንገድ ሸማቹ እየተጎዳ ነው፤ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ለሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶት ሳለ፣ ይህን ቀላል ስሌት በሚዛንና በካልኩሌተር ሠርቶ ዕቃውን ከገበያ የሚያነሣ ተቆጣጣሪ አለመታየቱ ያሳዝናል።

ነገሩን ይበልጥ አሳሳቢ የሚያደርገው ዕቃዎቹ የሚመጡባት አገር ራሷ ደጇን ማጥበቋ ነው። ቻይና ከእ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ፓወር ባንኮች ሦስት ሲ የሚባለውን የግዴታ የጥራት ምልክት ሳይዙ በአገር ውስጥ እንዳይሸጡ አድርጋለች፤ ከእ.ኤ.አ. ሰኔ 28 ቀን 2025 ወዲህ ደግሞ ምልክቱ የሌለው ፓወር ባንክ በአገር ውስጥ በረራዎቿ ላይ አይሳፈርም። በመኪና ባትሪም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የቻይና ደረጃ ባትሪው ከቁጥጥር በወጣ ግለት ሲያዝ ተሳፋሪዎች ለመውጣት ቢያንስ 5 ደቂቃ ቀድመው ማስጠንቀቂያ እንዲያገኙ ይጠይቅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2025 የጸደቀውና ከሐምሌ 2026 ጀምሮ ለአዳዲስ ሞዴሎች የሚሠራው ደግሞ ባትሪው ጨርሶ እንዳይነድና እንዳይፈነዳ ያዛል። አንድ ፋብሪካ በአገሩ ሊሸጠው ያልቻለውን ክምችት ጥያቄ ወደማይነሣበት ገበያ ማሻገሩ በንግድ ዓለም አዲስ ነገር አይደለም። ስለሆነም የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት ቢያንስ የቻይናን የራሷን አዲስ ደረጃ የማያሟላ የመኪና ባትሪና የሦስት ሲ ምልክት የሌለው ፓወር ባንክ ከተወሰነ ቀን በኋላ እንዳይገባ የሚያደርግ አስገዳጅ ደረጃ እንዲያወጣ፣ የኢትዮጵያ ተስማሚነት ምዘና ድርጅትም ከየጭነቱ ናሙና እየወሰደ እንዲፈትሽ በአክብሮት ይጠየቃል። ለዚህ አዲስ ሳይንስ መፍጠር አያሻም፤ የተባበሩት መንግሥታት ለባትሪ ማጓጓዣ ያወጣው፣ 38.3 በሚባለው ቁጥር የሚታወቀው የፈተና ሥርዓት አምራቹ የፈተና ማጠቃለያ ሰነድ እንዲያቀርብ ያስገድዳል፤ ያን ሰነድ በጉምሩክ ጣቢያ መጠየቅ ብቻውን ብዙውን ፎርጅድ ዕቃ ከበር ይመልሰዋል።

ሁለተኛው ቅሬታ ቻርጅ ስለሚደረግበት ቦታ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ብስክሌትና ባለሦስት እግር ተሽከርካሪ በየከተማው እየበዛ ነው፤ በኮንዶሚኒየም የሚኖር ባለንብረት ደግሞ ሌሊት የሚያሳድረው በደረጃው ሥር ወይም በኮሪደሩ ላይ፣ ገመዱን ከቤቱ ሶኬት በዲቫይደር ስቦ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 በቻይናዋ ናንጂንግ ከተማ 15 ሰዎች የሞቱበት የመኖሪያ ሕንፃ ቃጠሎ የተነሣው የኤሌክትሪክ ብስክሌቶች ከሚቆሙበት ምድር ቤት ነበር፤ እሳቱ ከታች ሲነሣ ደረጃው የጭሱ መውጫ ይሆናልና ከላይ ያለው ሰው ማምለጫ ያጣል። በኒውዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2023 ሊቲየም ባትሪዎች ባስነሡት 268 እሳት 18 ሰዎች ሞተዋል። ከተማይቱ በዚያው ዓመት ከመስከረም ወር ጀምሮ ያልተመሰከረላቸው የኤሌክትሪክ ብስክሌቶችና ባትሪዎች እንዳይሸጡ ከልክላ፣ ሱቆችን እየፈተሸችና ሕዝቡን እያስተማረች ስትቀጥል፣ በተከታዩ ዓመት የእሳቱ ቁጥር ባይቀንስም የሟቾቹ ቁጥር ወደ 6 ወርዷል። የኒውዮርክ ምሳሌ የሚጠቅመው ሕግ፣ ፍተሻና ትምህርት አብረው ሲሄዱ ውጤቱ በአንድ ዓመት ውስጥ ሊታይ እንደሚችል ስለሚያሳይ ነው። ከአዲስ አበባ አስተዳደርና ከየኮንዶሚኒየሙ የነዋሪዎች ማኅበራት የሚጠበቀውም ከባድ አይደለም፦ በመውጫ ደረጃና በኮሪደር ቻርጅ ማድረግን መከልከል፣ በግቢው ውስጥ ከሕንፃው ራቅ ያለ፣ የራሱ ቆጣሪና ብሬከር ያለው የቻርጅ ቦታ ማዘጋጀት። መብራት ደጋግሞ በሚሄድበትና ሲመለስም ቮልቱ ከፍና ዝቅ በሚልበት ከተማ፣ ርካሽ ቻርጀር ሌሊቱን ሙሉ ያለ ጠባቂ መተው በሌላ አገር ካለው አደጋ በላይ አደጋ መጨመር ነው።

ሦስተኛው፣ ምናልባትም ከሁሉ የከበደው፣ የመኪናውን ባትሪ ይመለከታል። ከሚገቡት መኪኖች ብዙዎቹ ለቻይና የአገር ውስጥ ገበያ የተሠሩ በመሆናቸው መመሪያቸውም፣ በስክሪኑ ላይ የሚወጣው ማስጠንቀቂያም በቻይንኛ ነው፤ ባለመኪናው «ባትሪው ግሏል፤ ቆመህ ውጣ» የሚለውን ጽሑፍ ማንበብ ካልቻለ አምራቹ የሰጠው የ5 ደቂቃ ጊዜ ለእርሱ ከንቱ ነው። ባትሪው ከመኪናው ወለል ሥር ተነጥፎ የሚገኝ ስለሆነ በኮረት መንገድና በተሰባበረ ኮብልስቶን ላይ የሚነዳ መኪና ሆዱን ሲመታ የሚጎዳው እርሱ ነው፤ ጉዳቱም ከውጭ ሳይታይ ውስጥ ለውስጥ ሊቆይ ይችላል። ዓመታዊው የቦሎ ምርመራ ስለ ፍሬንና መብራት የሚጠነቀቀውን ያህል የባትሪውን ሣጥን መሰርጎድ፣ የማቀዝቀዣውን ፈሳሽ መፍሰስና የከፍተኛ ቮልት መስመሩን መከለያ እንዲመረምር ማድረግ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ሥልጣን ውስጥ ያለ ሥራ ነው። አስመጪዎችም መመሪያውንና የማስጠንቀቂያ ቋንቋውን በአማርኛና በሌሎች የአገሪቱ የሥራ ቋንቋዎች፣ ቢያንስ በእንግሊዝኛ፣ ሳያቀርቡ ታርጋ እንዳይሰጥ ቢደረግ ወጪው የሚያርፈው በሚያተርፉት ላይ ነው።

የተጋጨ የኤሌክትሪክ መኪና ነገር ደግሞ ለብቻው ሊነሣ ይገባል። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ዘገባ እንዳስገነዘበው፣ ከግጭት በኋላ በተጎዳው ባትሪ ውስጥ የሚቀረው ኃይል በሠራተኞች ላይ የኤሌክትሪክ አደጋ ሊያደርስ፣ መኪናው ከተነሣ በኋላም እሳቱን እንደገና ሊያስነሣ ይችላል፤ እንዲህ ያለው መኪና ከሌሎች መኪኖችና ከሕንፃ 15 ሜትር ያህል ተለይቶ እንዲቆም የሚመከረውም ለዚህ ነው። በእኛ ዘንድ የተጋጨ መኪና የሚወሰደው ወደ ትራፊክ ፖሊስ ግቢ ወይም ወደ ጋራዥ ሲሆን፣ ሁለቱም ቦታ መኪና ከመኪና ጎን ለጎን ተደርድሮ የሚያድርበት ነው። የአንድ መኪና ባትሪ እስኪቀዘቅዝ በአሥር ሺዎች ሊትር የሚቆጠር ውኃ ሊፈልግ ስለሚችል፣ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሠፈር የእሳት አደጋ ሠራተኛው ከአንድ ቦቴ በላይ ከየት እንደሚያገኝ አስቀድሞ ካልታሰበበት በዕለቱ መላ አይገኝለትም። በ939 ሲጠሩ ነፍሳቸውን ለአደጋ ሰጥተው የሚመጡት የእሳትና አደጋ ሠራተኞች የመተንፈሻ መሣሪያ፣ የሙቀት መለኪያ ካሜራና ለየመኪናው ዓይነት ዋናው የኃይል መቁረጫ የት እንዳለ የሚያሳይ የአምራቹ መመሪያ ሊሟላላቸው ይገባል። መመሪያዎቹን አብዛኞቹ አምራቾች በነፃ የሚያቀርቧቸው ስለሆነ፣ አስመጪው አንድ ቅጂ ለኮሚሽኑ እንዲያስረክብ ማዘዝ ገንዘብ እንኳ የማይጠይቅ ነገር ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ያረጀው ባትሪ ይመጣል። አገሪቱ የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010 እና የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻን የሚመለከት የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 425/2010 አሏት፤ በወረቀት በኩል የጎደለው ብዙ አይደለም። የጎደለው፣ ያበጠ የስልክ ባትሪ በእጇ የያዘች የቤት እመቤት «ይህን የት ልጣለው?» ብትል የሚሰጣት መልስ ነው። ስለሌለ ትጥለዋለች፤ ወይም ለቆራሌው ከተሰበረ ማሰሮና ከአሮጌ ጫማ ጋር ትሰጠዋለች። ቆራሌው ወደ መርካቶው ምናለሽ ተራ ይወስደዋል፤ እዚያም አሮጌ የላፕቶፕ ባትሪዎች በመዶሻና በጉጠት ተከፍተው ገና «የሚሠሩት» ሴሎች ይለያሉ፤ ከየተለያየ ፋብሪካና ዕድሜ የተሰበሰቡት ሴሎችም አንድ ላይ ተበይደው እንደ አዲስ ይሸጣሉ። ይህ ሥራ ብዙ ቤተሰብ የሚያስተዳድር፣ ዕቃ ተጥሎ እንዳይቀር የሚያደርግ የተከበረ ሙያ ነው፤ ደብዳቤው በእነዚህ ሰዎች ላይ ፖሊስ እንዲላክ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ሥልጠና እንዲሰጣቸው፣ የሴልን ቮልትና ውስጣዊ ሬዚስታንስ የሚለካ መሣሪያ እንዲቀርብላቸው፣ እኩል የሆኑ ሴሎችን ብቻ ከመቆጣጠሪያ ሰሌዳ ጋር እንዲገጥሙ የሚያስችል ፈቃድ እንዲዘጋጅላቸው ነው። በቆሻሻ መኪና ውስጥ የተጨፈለቀ ባትሪ መኪናውንም ሆነ ረጲ ቆሻሻ መጣያ የሚደርሰውን ክምር ሊያቀጣጥል የሚችል በመሆኑ፣ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን በየክፍለ ከተማው አሸዋ የተሞላ የብረት መረከቢያ ሣጥን ቢያስቀምጥ፣ የሞባይልና የመኪና አስመጪዎችም የሸጡትን ያህል አሮጌ ባትሪ እንዲረከቡ ግዴታ ቢጣልባቸው፣ አዋጁ ሥራ ላይ ዋለ ማለት ይቻላል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው የባትሪ ደንብ የመኪና ባትሪ ከየት እንደመጣና ምን እንዳለበት የሚመዘገብበትን የባትሪ ፓስፖርት ከእ.ኤ.አ. የካቲት 2027 ጀምሮ አስገዳጅ አድርጓል፤ እዚህ ያን ያህል ርቆ መሄድ ባይቻል እንኳ ታርጋ ሲሰጥ የባትሪውን ዓይነትና ቁጥር አብሮ መመዝገብ ይቻላል።

እነዚህ ሁሉ ጊዜ የሚወስዱ ከሆነ፣ ሳይዘገይ ሊደረግ የሚችለው ማስተማር ነው። ያበጠ ባትሪ መወጋት፣ መጫን ወይም እንደገና ቻርጅ መደረግ እንደሌለበት፤ ስልክና ፓወር ባንክ በፍራሽና በትራስ ሥር ሆኖ ቻርጅ ሲደረግ ሙቀቱ መውጫ እንደሚያጣ፤ በድሬዳዋ ወይም በሰመራ ፀሐይ በተዘጋ መኪና ውስጥ ባትሪ መተው ዕድሜውን እንደሚያሳጥርና ለግለት እንደሚያጋልጠው፤ የእርሳስ ባትሪ ቻርጀር ለሊቲየም ባትሪ እንደማይሆን፤ ከባትሪ ጭስ ሲወጣ ቀዳሚው ተግባር ሰዎችን አውጥቶ 939 መደወል እንጂ ዕቃ ለማዳን መሞከር እንዳልሆነ፤ አነስተኛ ዕቃ ሆኖ ከሶኬት ከተነቀለ ግን ከሩቅ ብዙ ውኃ ማፍሰስ እንደሚረዳ፣ በሬዲዮም በየትምህርት ቤቱም ሊነገር ይችላል። በየመኖሪያ ቤቱ የገባውን ዕቃ አደገኛነት ሕዝቡ በራሱ ኪሳራ እየተማረ እንዲቀጥል መተው ግን ተገቢ አይደለም።

በመጨረሻም መሥሪያ ቤቶቹ በጋራ ተቀምጠው ከእነርሱ መካከል ለሊቲየም ባትሪ ጉዳይ ዋና ኃላፊ የሚሆነውን አንዱን እንዲሰይሙ፣ ስሙንና አድራሻውንም ለሕዝብ እንዲያሳውቁ፣ አስገዳጅ ደረጃው የሚወጣበትንና የመረከቢያ ጣቢያዎቹ ሥራ የሚጀምሩበትን ቀን በጽሑፍ እንዲገልጹ በታላቅ አክብሮት ይጠየቃል። ለዚህ ደብዳቤ የሚሰጠው መልስ እንደ ደብዳቤው ሁሉ ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆንም ይጠበቃል።



ግልባጭ፦
ለጉምሩክ ኮሚሽን
ለኢትዮጵያ ተስማሚነት ምዘና ድርጅት